እማዬ በማሞቶቹ ጉድጓድ አፋፍ

የመጀመሪያ ልጄ በነሐሴ ኮሌጅ ይገባል። የመረጠው ትምህርት ቤት ከምንኖርበት ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ በጣም ይርቃል። እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነች። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የማገኝበት ሐምሌ ከዚህ በኋላ ይኑር አይኑር እንጃ። ለዚህ ነው አርቪ፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት የሆነ የጉዞ መኪና፣ የተከራየነው።

ባለቤቴ በራሳችን መኪና እንሂድና ማታ ማታ ሆቴል እንያዝ ብሎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ሆቴል ከተገባ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው በየአልጋቸው ይጠፋሉ። አርቪ ውስጥ መጥፊያ የለም። ምድጃው፣ ጠረጴዛው፣ አልጋው ሁሉ አንድ ላይ ነው። እማዬ ዳዊቷን ስትደግም ሁላችንም እንሰማለን። ጠዋት ጀበናው ጋዙ ላይ ሲጣድ በቡናው መዓዛ የማይነቃ የለም። የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ አገኘሁትም።

መንገዳችን ወደ ሰሜን ነበር፤ በነብራስካ አድርገን ወደ ሳውዝ ዳኮታ። ነብራስካ ውስጥ አልያንስ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ካርሄንጅ አለ። 39 አሮጌ መኪኖች ሜዳ ላይ ቆመዋል። አንዳንዶቹ አፍንጫቸው ተቀብሮ ቀጥ ብለዋል፣ ሌሎቹ ከላይ ተጋድመውባቸዋል፣ ሁሉም ግራጫ ተቀብተዋል። እንግሊዝ አገር ያለውን የስቶንሄንጅ የድንጋይ ክበብ አስመስሎ የሠራው ጂም ራይንደርስ የሚባል ሰው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ዘመዶቹን ሰብስቦ አቆመው። አባቱ ይኖሩበት በነበረው እርሻ ላይ፣ ለአባቱ መታሰቢያ። ብዙ ሰው ፎቶ ተነስቶ፣ ስቆ ይሄዳል። እማዬ ግን የመታሰቢያውን ነገር ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ክበቡን ቀስ ብላ ዞረችው። «አባቱን ያልረሳ ልጅ ይባረክ» አለች። ከዚያ በኋላ እኔም እንደ ቀልድ ላየው አልቻልኩም።

ሆት ስፕሪንግስ የገባነው በማግስቱ ነው። ከጉዞው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ቦታ ነው።

በ1974 እዚያ ኮረብታ ላይ ቤቶች ሊሠሩ መሬት ይደለደል ነበር። የማሽኑ አካፋ ከአፈሩ ውስጥ የማሞት፣ ዘሩ ከጠፋ የቆየ የዝሆን ዘመድ፣ ጥርስ መታ። ቁፋሮው ሲቀጥል አጥንት በአጥንት ላይ ተገኘ። ባለመሬቱ ቤቶቹን ትቶ ቦታውን በገዛበት ዋጋ ለቀቀው። አንድ ሳንቲም ሳያተርፍ ማለት ነው። እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። ዛሬ ጉድጓዱ ላይ ትልቅ ቤት ተሠርቶበታል። አብዛኞቹ አጥንቶች ግን ወደየትም አልተወሰዱም። የራስ ቅሉም፣ ጎድኑም፣ እግሩም በወደቀበት አለ። ጎብኚው ከላይ በመተላለፊያ ድልድይ እየሄደ ቁልቁል ያያል። ቁፋሮው እስካሁን አላለቀም።

የሆነው ይህ ነው። ከ140 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከሥር የነበረ ዋሻ ተደረመሰና መሬቱ ሰመጠ። ጉድጓዱን ከታች የሚመነጭ ሞቅ ያለ ውሃ ሞላው። ማሞቶቹ ውሃውን ወይም ዳር ዳሩ የበቀለውን ሣር ብለው ይወርዳሉ። ግድግዳው ግን ቀይ፣ ሲርስ የሚያንሸራትት መሬት ነው። መውጣት የለም። እስካሁን ከ60 የሚበልጡ ማሞቶች ተቆጥረዋል።

አስጎብኚዋ ቀጥላ የተናገረችውን ለእማዬ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ከዳሌ አጥንታቸው እንደታወቀው፣ እዚያ የወደቁት በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው። ዛሬ ባሉት ዝሆኖች ዘንድ እናቶችና ልጆች አብረው ይኖራሉ፤ የምትመራቸውም ትልቋ ሴት ናት። ወንዱ ሲጎረምስ ከመንጋው ይወጣል። ብቻውን ይዞራል። ማሞቶቹም እንደዚያ ሳይሆኑ አልቀረም ይላሉ ተመራማሪዎቹ። የቱ ውሃ ደህና እንደሆነ፣ የቱ ዳር እንደሚያንሸራትት የምታውቀው አሮጊት አብራው የለችም።

እማዬ የድልድዩን ብረት ይዛ ቆየች። «እናቲቱ እኮ የት እንደገባ ሳታውቅ ቀረች ማለት ነው» አለች።

ልጄ ገባው። «እቴቴ፣ እኔ እኮ ዋና እችላለሁ» አላት።

«እነሱም ዋና ይችሉ ነበር የኔ ልጅ። የጠፋቸው መውጫው ነው።»

እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሳምንታት ሙሉ ልነግረው ስፈልግ አፌ ላይ እየተያዘ የቀረውን ነገር እሷ ጨረሰችው።

ከዚያ 1974 የሚለው ቁጥር አልለቀኝ አለ። ድንቅነሽም የተገኘችው በዚያው ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967፣ አፋር ውስጥ፣ ሐዳር። ይህን ለልጄ ስነግረው እማዬ ቀና አለች። «ያኔ የአጥንት ወሬ ማን ሰማ?» አለች። ኅዳር 14 ሌሊት ደርግ ስልሳዎቹን የረሸነበት ነው። እሷ አዲስ አበባ ተማሪ ነበረች። ከዚያን ጊዜ የምታስታውሰው ራዲዮው የሚያወራውንና የአባቷን ዝምታ ነው። ቤት ውስጥ ለቀናት ድምፅ አልነበረም አለች። አፋር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛች ፍጡር ከአፈር ስትወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው አፈር ይለብስ ነበር። እማዬ ስለዚያ ጊዜ ለእኔ እንኳን በወጉ አውርታኝ አታውቅም። ለልጅ ልጇ ግን ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ከማሞቶች በላይ ቆማ አወራችው። እሱም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሰማት።

ከስተር ስቴት ፓርክ ስንገባ ሁላችንም ቀለል ብሎን ነበር። እዚያ አራዊት የሚታይበት 18 ማይል መንገድ አለ። መጀመሪያ የመጡት አህዮች ናቸው። ድሮ ሰው ጭነው ተራራ ያወጡ የነበሩ አህዮች ዘሮች ሲሆኑ፣ አሁን ምንም አይጫኑም። መንገድ ላይ ቆመው በመኪናው መስኮት አንገታቸውን ያስገባሉ፤ ሰው ካሮት ያበላቸዋል። እማዬ የአንዷን ግንባር እያሻሸች «እናንተስ ጡረታ ወጣችሁ፤ እኅቶቻችሁ መርካቶ ናቸው» አለቻት።

ባይሰኖቹ፣ ትልልቆቹ የአሜሪካ የዱር ከብቶች፣ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ኮረብታውን ዞር ስንል መንገዱ በእነሱ ተሞልቷል። ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። በግራም በቀኝም ከበቡን። ጥጆቹ ቀላ ያለ ቡኒ ናቸው፣ እናቶቻቸው ጥቁር ቡኒ። አንድ ኮርማ ከመስኮታችን ሥር ቆመ፤ የዚህ ዓይነቱ ኮርማ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል። የሚያወጡት ድምፅ የላም አይደለም። ከደረት የሚወጣ፣ የሚያጉረመርም ነገር ነው፤ ወለሉ ላይ በእግራችን ተሰማን። ማንም አልወረደም፤ መውረድም አይገባም፤ ሲሮጡ ሰው አያመልጣቸውም።

በዚህ አገር በአንድ ወቅት ከ30 ሚሊዮን በላይ ባይሰን ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከ1,000 በታች ቀረ። ሥጋውና ቆዳው ብቻ አይደለም ያስገደለው። በእሱ የሚኖሩትን የአገሬውን ነባር ሕዝቦች ማስራብም ታስቦበት ነው። የከስተር መንጋ የተጀመረው በ1914 በተገዙ 36 ባይሰኖች ነው። ዛሬ ከ1,000 በላይ ናቸው። ስለ ቀይ ቀበሮአችንና ስለ ዋልያችን ተስፋ መቁረጥ የሚቃጣኝ ሰው ነኝ። እዚያ መስኮት ሥር ግን 36 የሚለውን ቁጥር ደጋግሜ አሰብኩት።

ዎል ድራግ የሚባለውን ሱቅ ሳላነሳ አላልፍም። በ1936 አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ገበያ ጠፍቶበት፣ በሚስቱ ሐሳብ «የበረዶ ውሃ በነጻ» የሚል ሰሌዳ መንገድ ላይ ተከለ። መንገደኛው ጎረፈ። ውሃው ዛሬም በነጻ ነው፤ ቡናው 5 ሳንቲም። እማዬ ቡናውን ባትወደውም ለውሃው መርቃ ወጣች።

የመጨረሻው ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ቀይና ነጭ መስመር የተሰመረባቸው ገደሎች፣ ከሥራቸው ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ የአውራሪሶችና ባለሦስት ጣት ፈረሶች አጥንት። በ2010 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ የባለ ረጅም ጥርስ ድመት መሰል አውሬ የራስ ቅል አገኘች። ሳትነካው ሄዳ ለጠባቂዎቹ ነገረች። ሕጉም ይኸው ነው፤ አታንሳ፣ ተናገር። አጥንት ካለበት የአፈር ንብርብር ከተነቀለ ዕድሜውም ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። ትንሹ ልጄ ቀኑን ሙሉ መሬት መሬት ሲያይ ዋለ። ምንም አላገኘም፤ ግን አንድም ጠጠር አላነሳም።

በዚያ ምሽት ካምፑ ውስጥ እማዬ ቡና እያፈላች የጥንት ሰዎች ቅሪት ስለሚገኝበት ስለ መልካ ቁንጡሬ ጠየቀችኝ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ አዋሽ ዳር ነው። በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ተማሪ ሳለሁ ወስደውን ስለነበር እዚያው ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ ላይ የድንጋይ መሣሪያውና የእንስሳቱ አጥንት በተገኘበት መሬት ላይ እንዳለ የሚታይበት ቤት እንዳለ ነገርኳት። «ታዲያ እዚያ አንሄድም?» አለች፣ ልጄን እያየች።

ለገና ዕረፍት እሷ ጋ ሊሄድ ነው። መጀመሪያ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ መልካ ቁንጡሬ። በቡታጅራ መንገድ የት እንደሚወረድ እሷ ታሳየዋለች፤ እኔ የትኬት ዋጋ እያየሁ ነው።