ሐምሌ 5፣ የጌይላ ቀን

ቅዳሜ ማታ። ልጄ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ጉንጯ ላይ የስኳር ጥጥ ደርቆ ተጣብቋል። ላጥባት ብዬ ነበር፣ አሳዘነችኝና ተውኳት። ከመተኛቴ በፊት የዛሬውን ልጻፍ።

ደርሃም ነው የዋልነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጌይላ ይደረጋል። የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሰው አፍ ላይ ያለው አጠራር እንዲህ ነው፤ ጌይላ። እኔ ግን በልቤ «ንግሥ» እለዋለሁ። ቀኑ የታወቀ፣ ሜዳው የታወቀ፣ ሰው ከየመንደሩ ዓርማውን ይዞ የሚመጣበት፣ ከዋናው በዓል ጎን ደግሞ ሻጩና አጫዋቹ ድንኳኑን የሚተክልበት ቀን ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ዘንድሮ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ ጋር ገጠመ። ጾሙ በተፈታበት ቀን ንግሥ መዋል እንዴት ደስ ይላል!

ጠዋት የየመንደሩ ማርሽ ባንድ እየተጫወተ ከተማውን ያቋርጣል። ከፊቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የሐር ዓርማ አለ፤ ነፋስ ሲነሳ ተሸካሚዎቹ በገመድ ወደ ኋላ እየሳቡ ይይዙታል። ሮያል ካውንቲ ሆቴል ፊት ሲደርሱ ቆም ብለው ይጫወታሉ፣ ሰገነቱ ላይ ያሉት እንግዶች ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ሜዳ ይወርዳሉ። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1871 ጀምሮ የመጣ ነው። በዓመቱ ጉድጓድ ውስጥ ሰው የሞተበት መንደር ዓርማው ላይ ጥቁር ጨርቅ አልብሶ ይመጣ ነበር። በደርሃም አገር የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ዌርማውዝ፣ በ1993 ተዘጋ። ከሰሉ ቀርቶ ንግሡ አልቀረም። አንዲት አሮጊት የዓርማውን ዘርፍ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ባንዱ ተጫውቶ እስኪጨርስ ቆመው አየኋቸው። ልጄም አይታ ዝም አለች።

ይህን ሁሉ አከብራለሁ። እግሬ የሚሄደው ግን ዌር ወንዝ ዳር ወደተተከለው ፈን ፌር፣ ከሜዳ ሜዳ ወደሚዘዋወረው መጫወቻ ነው። ንግግሩ ከወዲያ፣ የሽክርክሪቱ ሙዚቃ ከወዲህ፣ ሜዳው አንድ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ የበለጠ የምወደው ዋዜማውን ነው። ትናንት ከሥራ ስወጣ ባቡር ይዘን ወረድን። ገና ምንም አልተከፈተም። ረጃጅም የጭነት መኪኖች ሣሩ ላይ ቆመዋል፣ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፣ ሰዎቹ ከመኪናው ላይ የተጣጠፈ ብረት እያወረዱ ይዘረጋሉ። አንድ ጎልማሳ በግንባሩ ተኝቶ ከሽክርክሪቱ ሥር ገብቷል። በውኃ ልኩ እያየ፣ ካልተስተካከለ ከሽክርክሪቱ እግር ሥር ሳንቃ ይደርባል፣ ከዚያ ሽብልቅ ያስገባና በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል። ደግሞ ያያል። አሁንም ይመታል። ሜዳው ለዓይን ለጥ ያለ ቢመስልም አይደለም። በየቦታው ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ እነሱ ደግሞ በየሳምንቱ ሌላ ሜዳ ላይ ናቸው። የሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ የሚቆመው በዚያ ሳንቃ ላይ ነው። ልጄ «እማ፣ ምንድን ነው የምታይው?» እያለች ስትጎትተኝ ግማሽ ሰዓት ቆሜአለሁ።

የማየው እናቴን ነበር።

እናቴ የንግሥ ነጋዴ ነበረች። ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ጥር 11 ጃንሜዳ፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም፣ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ። የእኛ ቤት ቀን መቁጠሪያ ይህ ነበር፤ የቤት ኪራይም የትምህርት ቤት ክፍያም በዚህ ነው የሚቆጠረው። ጧፍና ሻማ፣ ቆሎ፣ ለጥምቀት ሸንኮራና ሎሚ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስተን ቦታ እንይዛለን። ሳንቃዋን ከመዘርጋቷ በፊት ጠጠር ትለቅማለች፤ ከአንዱ ጥግ ሁለት፣ ከሌላው አንድ ታስገባና አንድ ሎሚ ሳንቃው ላይ ታስቀምጣለች። ሎሚው ከተንከባለለ ሌላ ጠጠር። ከቆመ፣ «በስመ አብ» ብላ ዕቃዋን ታወጣለች። የእኛ ውኃ ልክ ሎሚ ነበረች።

እሷ ብቻ አይደለችም። ዳቦ ሻጯ፣ ጥላ ሻጩ፣ የቀለበት ውርወራ የሚያጫውተው ሰውዬ፣ ሁሉም ከደብር ደብር ይከታተሉ ስለነበር እንደ ዘመድ ናቸው። በገብርኤል ያልመጣ ሰው ካለ በጥምቀት «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ ዘበኛ የእናቴን ሳንቃ በእግሩ ገልብጦት ቆሎው አፈር ላይ ሲበተን ያ የቀለበት ሰውዬ ጨዋታውን ትቶ መጥቶ ከእኛ ጋር እየለቀመ ነበር። ያን ቀን አልረሳውም።

የሚቀጥለውን የምጽፈው ለዚህ ነው። እዚህ አገር ስለ ፈን ፌር ሰዎች ክፉ የሚያወሩ አሉ። «ከመጡ ዕቃህን ቆልፍ» የሚል ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ይህ ይቆጠቁጠኛል። እንግዳ ስለሆኑ፣ ቤታቸው ጎማ ስላለው ብቻ ሌባ የሚባሉ ሰዎች ብዙዎቹ አያት ቅድመ አያታቸው ይህንኑ ሜዳ ይዘው የኖሩ ናቸው። በ1889፣ በተሽከርካሪ ቤት የሚኖረውን ሰው መዝግቦ የሚቆጣጠር ሕግ ሲረቀቅባቸው ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። ቦታ የሚያዘው በማኅበሩ ደንብ ነው። በዚህ ሜዳ ይህች ጥግ የማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዋጋው ተወደደ ለሚለው ደግሞ፣ አዎ ተወዷል፣ እኔም ቦርሳዬን አይቼ ነው የምገባው። ግን ናፍጣው አለ፣ የሜዳው ኪራይ አለ፣ እያንዳንዱ ሽክርክሪት በየዓመቱ መመርመር አለበት፣ ዝናብ የበላው ቀን ደግሞ አይመለስም።

ዝናቡን ኒውካስል አይቼዋለሁ። በጁን መጨረሻ ታውን ሙር ላይ «ሆፒንግስ» የሚባል አለ፤ በአውሮፓ ካሉት ተዘዋዋሪ ፈን ፌሮች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ታውን ሙር እንግዲህ መሐል ከተማ ላም የሚግጥበት ሜዳ ነው፤ የማሰማራት መብቱ ከጥንት ጀምሮ የተወሰኑ የከተማው ሰዎች ነው። መጀመሪያ ስመጣ ከአውቶቡስ መስኮት ላም አይቼ ዕንባዬ መጣ። እዚያ የፈረስ እሽቅድድም ነበር፤ በ1882 እሽቅድድሙ ወደ ጎስፎርዝ ሲዛወር መጠጥ የሚቃወሙ ሰዎች በዚያው ሳምንት ያለ አልኮል የሚዋልበት በዓል አዘጋጁ። ፈን ፌሩ ከዚያ የመጣ ነው። የከተማው ሰው ሆፒንግስ ሲመጣ ይዘንባል ይላል። እኔ የሄድኩበት አንዱ ዓመት ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። የጋሪ ግፊያ ሲያስፈልግ ሰው ሁሉ ይገፋል። ባዶ ሽክርክሪት መብራቱን አብርቶ በዝናብ ሲዞር ማየት ልብ ይሰብራል።

ዛሬ ግን ፀሐይ ነበር፣ የሚያቃጥል ፀሐይ።

ልጄ የፈረሶቹን ሽክርክሪት ሦስት ጊዜ ተሳፈረች። እያንዳንዱ ፈረስ አንገቱ ላይ ስም ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያውን ስሙን አንብባ ያዘችና ከዚያ በኋላ ሌላ ፈረስ አልወጣም አለች። የእንግሊዝ ፈረሶች እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ ነው የሚዞሩት፣ የአህጉሩ አውሮፓ ደግሞ በተቃራኒው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ ጎኑ ስለሆነ ሰው ከውጭ መጥቶ በዚያው እንዲወጣ ነው። እንጨት ፈረስ ላይ እንኳ የአወጣጡ ሥርዓት መጠበቁ ደስ ይለኛል። መጋጫ መኪናውን አብረን ነዳን። ዋልትዘሩ ላይ ብቻዬን ወጣሁ፤ ወለሉ ከፍ ዝቅ እያለ ሲዞር መቀመጫው ደግሞ በራሱ ይሾራል፣ ወጣቶቹ እየሮጠ ባለው ሳንቃ ላይ ተራምደው መጥተው ጀርባውን ይገፉታል። ጮህኩ። በዚህ አገር ሰው ሳይዞርብኝ የምጮኽበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ዳክዬዎቹ ጋ ሄድን። ክብ ገንዳ ውስጥ ውኃ እየዞረ ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ፤ ራሳቸው ላይ ቀለበት አለ፣ ልጅ በረጅም ዘንግ ጫፍ ባለ ሜንጦ ያወጣቸዋል፤ ሆዳቸው ሥር ቁጥር ተጽፏል። አጫዋቿ ስልሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። የወጣውን ዳክዬ ሁሉ በጨርቅ ያደርቁታል፣ ቁጥሩን ለልጅ ጎንበስ ብለው ያሳያሉ፣ መልሰው ውኃ ላይ ሲያኖሩት አይወረውሩትም፤ በመዳፋቸው ያስቀምጡታል። ልጄ ቀይ ዓሣ ይሰጡኛል ብላ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ይሁን ከየት ሰምታለች። ሴትየዋ ሳቁና «ያ ድሮ ነው፣ ፔት» አሏት፤ በዚህ አገር አፍ «የኔ ቆንጆ» እንደማለት ነው። ከ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ወዲህ ለብቻው ለመጣ ልጅ ሕይወት ያለው ነገር አይሸለምም፤ እሳቸው ግን ጭራሽ ለማንም አይሰጡም። «ዓሣው እንግዳ ቤት ሄዶ ሲሞት እኔ እታማለሁ» አሉኝ። ትንሽ የጨርቅ ድብ ሰጧት።

ሰው ቀለል ሲል ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቅኋቸው። «እዚህ ገንዳ ሥር ነው የተኛሁት፣ እናቴ ስትሠራ» አሉኝ፤ በእጃቸው ከገንዳው በታች ያለውን ቦታ አሳዩኝ። የዕቃ ሳጥን ተቀምጦበታል። እኔም ሳንቃ ሥር ተኝቻለሁ፣ በነጠላ ተጠቅልዬ፣ የምእመኑ እግር እየታየኝ፣ የጧፍ ሽታ እየሸተተኝ። እንግሊዝኛዬ ለዚህ አልበቃ ስላለኝ «እኔም» ብቻ አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ አንድ ዳክዬ አንስተው ለልጄ በነፃ አጫወቷት።

ስንወጣ አንዳንዱ መብራት መጥፋት ጀምሮ ነበር። ያ ጎልማሳ አሁንም በግንባሩ ተኝቶ ሽብልቁን በመዶሻው ጀርባ እየነቀለ ነው።

ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። ጉልበቷን ጠየቅኋት፣ «ይመስገን» አለች። ከንግሥ ከቀረች ስድስት ዓመት ሆናት። ስለ ፈረሶቹ፣ ስለ ዓርማዎቹ፣ ስለ ሴትየዋ ነገርኳት። ገንዳው ሥር ተኝተው ማደጋቸውን ስነግራት ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እማዬ?»

«አለሁ። ዝናብ አልመጣባቸውም?»

«አልመጣም። ፀሐይ ነው የዋለው።»

«እና ሸጡ?»

«ሸጡ፣ እማዬ። ሰው በሰው ነበር።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ የኔ እናት።»