ድሬዳዋ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ መጋዘን የዘረጋነው ኔትወርክ በየቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይጠፋና 11 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ መጥፋትና መመለሱን ከሚያሳየው ሰንጠረዥ ጋር ተፋጠጥኩ። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዕቃ፣ የስዊቹን ሶፍትዌር አደስኩ፣ ሴቲንጉን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። በሰኔ መጀመሪያ አለቃዬ "ሄደህ በዓይንህ እየው" አለኝና ከፉሪ ለቡ ባቡር ተሳፈርኩ።

ከመንገዱ ብዙ አላስታውስም፤ ከአዳማ ወዲያ እንቅልፍ ወሰደኝ። የማስታውሰው አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ነው። ቆሏቸውን በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩና "ልጄ፣ ጣቢያው ከከተማ ይርቃል፤ ብቻህን ባጃጅ እንዳትይዝ፣ ከሰው ጋር ተጋራ" አሉኝ። ስንወርድ በግርግሩ ተጠፋፋንና ብቻዬን ያዝኩ። 500 ብር ከፈልኩ። የሆቴሉ ዘበኛ ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ግማሹም ይበዛ ነበር አለኝ። ያን ምክር ሰምቼ አለመጠቀሜ እስከ ማታ ሲቆጨኝ ቆየ።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ሰኔን የማውቀው አዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ የዝናቡን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት መብራት ጠፋ፣ ፋኑም ቆመ። አንሶላው ላቤን ጠጥቶ ከገላዬ ተጣበቀ። መስኮት ስከፍት የወባ ትንኝ፣ ስዘጋ መታፈን። በመጨረሻ ወደ ግቢ ወጣሁ። ዘበኛው ሰሌን ዘርግቶ ጋደም ብሏል። ሲያየኝ ምንም ሳይጠይቅ ጠጋ አለልኝና "እዚህ ተኛ አቦ፣ ውስጥ ምን ታደርጋለህ" አለኝ። ሠፈሬ ስንት ዓመት ስኖር የጎረቤቴን ዘበኛ ስም አላውቅም። እዚያ ሰሌን ላይ እስኪነጋ ድረስ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጠዋት ከዚራ ሠፈር ፈጢራ በማርና በእንቁላል በልቼ መጋዘኑ ገባሁ። መሰላል ላይ ስወጣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ስዊቹ ያለበትን የብረት ሳጥን ሰው እንዳይነካው ብለን ከጣሪያው ሥር ሰቅለነዋል፤ አዲስ አበባ ሁልጊዜ እንደምናደርገው። ከቆርቆሮው ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። 8 ሰዓት ላይ የሳጥኑን ውስጥ ስለካ 58 ዲግሪ አሳየኝ። የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 45 ነው። ዕቃው ራሱን ለማዳን ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፤ ሙቀት የሚመዘግብ ዓይነት ስላልሆነ እኔ ጋ የሚደርሰኝ መጥፋቱና መነሳቱ ብቻ ነበር።

"በዚያ ሰዓት እኮ እኛም አንሠራም" አሉኝ ጋሼ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊው። ከተማው በጠቅላላ ከቀትር በኋላ በር ዘግቶ ያርፋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደውዬላቸው ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይነግሩኝ ነበር።

ሳጥኑን የሚያወርደው ሠራተኛ እስከ ነገ አይገኝም። ስለዚህ ለመግቢያ ከፍዬ የድሮውን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለማየት ሄድኩ። ለብዙ ዓመት ሕልሜ ነበር። የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ስም በብረታቸው ላይ የተቀረጸባቸው የብረት መቅረጫ ቶርኖዎች፣ ሰፋፊ ቺንጋዎች፣ ከሐዲድ ያልወጡ ፉርጎዎች። የሚያስጎበኙኝ አዛውንት እዚያው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የዕቃዎቹን ስም የሚጠሩት በፈረንሳይኛ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት በ1895 ዓ.ም. እዚህ ግርጌው ደረሰ፣ ከተማዋም ከጣቢያው ጋር ተወለደች፤ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ። በአሮጌው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ እኔ የመጣሁበት አዲሱ 1.435። ከእነዚህ ፉርጎዎች አንዱም አዲሱ ሐዲድ ላይ መቆም አይችልም። እጄን ፉርጎው ላይ እንደጫንኩ ትንሽ ቆየሁ።

ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ መጋሉን በምን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው። መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። "እስከ አስር ቁጠር ልጄ። ሳትጨርስ እጅህን ካነሳህ፣ ማሽኑን አቁም።"

በማግስቱ ሳጥኑን አውርደን ግንቡ ወፍራም የሆነው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገን አሠርነው፤ በሩንም በወንፊት ሽቦ ቀየርነው። 8 ሰዓት ሲሆን መዳፌን ስዊቹ ላይ አኖርኩና መቁጠር ጀመርኩ። አስር ደረስኩ፣ ሃያም አለፍኩ። ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ በእኔ ምክንያት የዕረፍታቸው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።