ሞተሬን የመረጥኩት ስትቆም አይቼ ነው

ለተራራ የምትሆን ቀለል ያለች ሞተር ልገዛ ስነሳ እንደማንኛውም ሰው ቁጥር ማነጻጸር ያዝኩ። ስንት ሲሲ ናት? ስንት የፈረስ ጉልበት አላት? ስንት ትሮጣለች? ባነበብኩ ቁጥር ጭራሽ ግራ ገባኝ። ቀጭን፣ ድንጋያማ የእግር መንገድ ላይ በሰዓት 120 መሮጥ ምን ይሠራልኛል?

ስለዚህ ያሰብኳቸውን ሞተሮች አንድ ላይ ይዞ መውጣት፣ አንድ መንገድ ላይ እየተለዋወጡ መንዳት ይሻላል አልኩ። ጓደኞቼን ሳማክራቸው አፍታም አልፈጀባቸውም። ሞተር ያለው ሰው ለመውጣት ምክንያት አያጣም።

አራት ሆነን ተነሳን። አንዱ ጓደኛዬ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል አለው። ሌላው ኬቲኤም 350 ኢኤክስሲ-ኤፍ ይነዳል። ይቺ የታርጋ ፈቃድ ያላት የውድድር ሞተር ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። እኔ ሱዙኪ ዲአር-ዜድ 400 ኤስ ተውሻለሁ። አራተኛው መንገዱን የሚያውቁት፣ በዕድሜም የሚበልጡን ጋሼ ናቸው። የእሳቸው ያማሃ ሴሮው 250 ናት።

ገና ከመነሳታችን በፊት አንድ ልዩነት ታየኝ፤ የመቀመጫ ከፍታ። ሴሮው 830 ሚሊ ሜትር፣ ሆንዳዋ 880፣ ሱዙኪዋ 935፣ ኬቲኤሟ ደግሞ 960 ገደማ ናት። ሆንዳዋ ሞላዋ ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሲቀመጥባት ወረድ ትላለች፤ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ያነሰች ነው የምትመስለው። እኔ ረጅም አይደለሁም። ሱዙኪዋ ላይ ስቀመጥ መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ጋሼ ግን እግሬን አዩና «ዛሬ ማታ እናወራለን» አሉኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ጠጠር መንገድ ነበር። ስለሱ ብዙ የምለው የለም። ሱዙኪዋ 398 ሲሲ ናት፤ ደልደል ብላ ሁሉንም እየመራች ሄደች። ጠጠር ላይ ብቻ ሞክሮ የሚገዛ ሰው ሁሌም ትልቋን ነው የሚገዛው።

ጠጠሩ አልቆ ቀጭኑ ዱካ ሲጀምር ጋሼ አስቆሙን። «አየር ቀንሱ» አሉ። የሁላችንንም ጎማ ወደ 1 ባር፣ ማለትም ወደ 15 ፒኤስአይ አወረድነው። ጎማ ሲለሰልስ ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፤ የሚነካው ቦታም ይሰፋል። ከልክ በታች ከወረደ ግን አደጋ አለው። ሹል ድንጋይ ሲመታው ከመነዳሪው፣ ማለትም የውስጥ ጎማው፣ በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተነክሶ ይቀደዳል። አራቱም ሞተሮች የፊት ጎማቸው 21 ኢንች፣ የኋላቸው 18 ኢንች ነው። የፊቱ የተለቀው ድንጋይ ሲያጋጥመው ገጭ ብሎ እንዳይቆም፣ ተንከባሎ እንዲወጣው ነው።

ከዚያ አቀበቱ መጣ። ልቅ ድንጋይ፣ በመሃሉ የዛፍ ሥር፣ ግራው ግድግዳ፣ ቀኙ ቁልቁል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ።

አቀበት ላይ ኢንጂን ሲጠፋባችሁ ምን እንደሚሆን ላስረዳ። የፊት ፍሬን ብቻውን አይይዛችሁም፤ ልቅ ድንጋይ ላይ የፊቱ ጎማ ተቆልፎም ቢሆን ወደኋላ ይንሸራተታል። የኋላ ፍሬን መያዝ አለበት። እሱ ደግሞ ያለው በቀኝ እግር ነው። ስለዚህ ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ይቀራል፤ ሞተሯን መሬት ላይ የሚደግፋት ግራ እግር ብቻ ይሆናል። ግራ እግር ካልደረሰ ወይ ፍሬኑን ትለቃላችሁ፣ ወይ ትወድቃላችሁ። መሬቱ ደግሞ ሜዳ አይደለም። አንድ ስንዝር ጎድጎድ ካለ፣ ያ 935 ሚሊ ሜትር ከሜትር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ሱዙኪዋ በወደቀችበት ቦታ ከሥሬ አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። ወደ ቁልቁሉ በኩል ተጋደመች። እኔ ደህና ነበርኩ፤ ወርጄ አጠፋኋት።

ሞተር ማንሳት የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ አቀማመጧን ማየት ነው። መሪዋ ቁልቁል፣ ጎማዎቿ ሽቅብ ከሆኑ ማንም ጉልበተኛ ቢሆን እንዲሁ አያነሳትም። በጎኗ እንደተጋደመች የፊት ጎማዋን ይዞ መሬት ለመሬት ማዞር ያስፈልጋል፤ ጎማዎቿ ወደ ታች እስኪመለከቱ። ሲነሱ እንዳትንሸራተት ማርሽ ውስጥ መሆን አለባት፤ ፎሌ ላይ ከሆነች አንስታችሁ ሳትጨርሱ ትሄዳለች። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ጀርባን ሳያጎብጡ፣ በጭን ጉልበት ማንሳት ነው። የመጀመሪያው ስንዝር ነው ከባዱ። ግማሽ መንገድ ከተነሳች ወዲያ ራሷ ትረዳችኋለች።

ነዳጇ ሞልቶ ሱዙኪዋ 144 ኪሎ ናት። በነገራችን ላይ ይሄ ከባድ የሚባል አይደለም። ለረጅም ጉዞ የምትወደደው ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ ትመዝናለች። እኔ ግን 144ቱን ጠዋት ብቻዬን አነሳሁት፤ ከሰዓት ያንኑ ለማንሳት ሰው ጠራሁ። ሞተሯ አልከበደችም፤ እኔ ነበርኩ የደከምኩት። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ኪሎ በጠዋት ጉልበታችሁ አትለኩት።

አቀበቱን እንደጨረስን ከኬቲኤሟ ጋር ተቀያየርን። ምን ልበላችሁ፣ ጉድ ናት። ነዳጅ ሳይጨመርባት 105 ኪሎ ገደማ ብቻ ናት። ጋዝ በሰጠኋት ቁጥር ድንጋዩን እንደ ፍየል ትወጣዋለች። አሞርዛተሯ የሚውጠውን ግጭት ሌሎቹ ወገቤ ላይ ነበር የሚያሳርፉት። መንዳት ለሚችል ሰው ከእሷ የሚበልጥ ከእኛ መሃል አልነበረም። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቁመቷ ነው፤ ስትቆም በግራ እግሬ ድንጋይ እየፈለግኩ ነው የምቆመው። ሁለተኛው እንክብካቤዋ። ዘይቷ የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ተቆጥሮ ነው፤ በየ15 ሰዓቱ። ባለቤቷ ይሄን በደስታ ያደርገዋል፤ ቅዳሜ ማታ መፍቻ ይዞ መቀመጥ ይወዳል። እኔ ያንን ጊዜ መንዳት ነው የምፈልገው።

ከፍ እያልን ስንሄድ ሱዙኪዋ መታፈን ጀመረች። ካርቡራተር ነው ያላት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን የሚሰጠው ቤንዚን ለታች የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ሆንዳዋ ላይ ያለው ኢንጄክሽን ይሄን ራሱ ያስተካክለዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኢንጄክሽን ጉልበት አይመልስም። ማንኛውም ተርቦ የሌለው ኢንጂን በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ትንሽ ሞተር ይዞ ወደ ከፍታ የሚወጣ ሰው ይሄን ከመጀመሪያው አስቦ ይግባበት።

ዱካው በድንገት አለቀ። ዝናብ አፈሩን ንዶ መንገዱን ቆርጦት ነበር። መመለስ አለብን። የቆምንበት ቦታ ስፋቱ ከሞተር ርዝመት ያንስ ነበር፤ ግራው ግድግዳ፣ ቀኙ ገደል። አራት ሞተር እዚያ ላይ ማዞር አለብን።

ጋሼ ከሴሮው ወረዱ። መሪዋን ጥግ ድረስ አዞሩ። የሴሮው መሪ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 51 ዲግሪ ይዞራል። ይሄ ለሞተር ብዙ ነው። ከፋኖሱ ሥር ደግሞ ከብረት የተሠራ መያዣ አላት፤ ጋሼ እሱን በእጃቸው ጨበጡ፣ የፊቱን ጎማ አንድ ጊዜ ሳብ፣ አንድ ጊዜ ገፋ። ከኋላም መያዣ አለ። እንዲህ እያሉ፣ ላብ እንኳ ሳይወጣቸው፣ ሞተሯ ወደ መጣችበት ዞረች። ያማሃ የመጀመሪያዋን ሴሮው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያወጣ ሐሳቡ በሁለት ጎማና በሁለት እግር ተራራ መውጣት ነበር። የነዳው ሰው ወርዶ እንደሚጎትታት፣ እንደሚገፋት፣ እንደሚያነሳት አስበው ነው የሠሯት። እኔ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ስመለከት፣ እስከዚያ ያነበብኩት አንድም ነገር ስለዚህ እንደማያወራ ገባኝ። ሁሉም ስለ መሄድ ነው። ተራራ ላይ ግን የሚያደክመው ስትሄድ ሳይሆን ስትቆም ነው።

የቀሩትን ሦስቱን ለማዞር ሁላችንም ተረባረብን። ኬቲኤሟ ቀላል ስለሆነች ኋላዋን አንስተን አዞርናት። ሱዙኪዋን በጎን ማቆሚያዋ ላይ ዘንበል አድርገን፣ በአንድ ነጥብ ላይ አሽከረከርናት። ይሄ ዘዴ ይሠራል፤ ማቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ካልተደረገ ግን አፈሩ ውስጥ ይሰምጣል።

ስንመለስ ሌላ መንገድ ያዝን፤ በወንዝ በኩል። ጋሼ መጀመሪያ በእግራቸው ተሻገሩ። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ደረሰ፣ ከሥሩ ክብ ክብ ድንጋይ ነው። «ማንም አይነዳም፣ እየገፋን ነው» አሉ። ኢንጂን በርቶ፣ አንደኛ ማርሽ ውስጥ፣ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እየለቀቁ፣ ጎን ለጎን መሄድ። ውሃው በሚመጣበት በኩል መቆም ያስፈልጋል፤ ከታች በኩል የቆመ ሰው ሞተሯ ብትወድቅ ከሥሯ ይሆናል።

ከወንዝ የሚያስፈራው ማርሚታው ውስጥ የሚገባው ውሃ አይደለም። በአየር ፊልትሮው በኩል ወደ ኢንጂኑ የሚገባው ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ እየሮጠ ውሃ ካገኘ አንድ ነገር መጣመም አለበት። ስለዚህ ሞተር ውሃ ውስጥ ከወደቀች ወዲያው ማጥፋት፣ ሞተሪኖውንም አለመንካት ነው። ደረቅ ቦታ አውጥቶ፣ ካንዴላውን ፈትቶ፣ በቀዳዳው ውሃው እስኪወጣ ማዞር። የእኛዎቹ አንዷም አልወደቀችም። ግን ሆንዳዋን ስገፋት 142 ኪሎዋ ለእኔ ልክ እንደሆነ ተሰማኝ፤ ኬቲኤሟ ከእሷ በጣም ብትቀልም ከፍታዋ ትከሻዬን ወደ ላይ እየጎተተ አደከመኝ።

ማታ ላይ ጋሼ ቃላቸውን ጠበቁ። «እሺ፣ የቷን ወደድካት?» አሉኝ።

«ኬቲኤሟን ወደድኳት ጋሼ። የምገዛው ግን የእርስዎን ዓይነት ነው።»

«ጉልበት ያንሳታል አትልም?»

ያንሳታል፤ አልዋሽም። የሴሮው ጉልበት 20 የፈረስ ጉልበት ነው። ሆንዳዋ 27 አላት። አስፋልት ላይ ልዩነቱ ይታያል፤ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ሲጫናችሁ ደግሞ የበለጠ። ዱካው ጋ ለመድረስ ረጅም አስፋልት መንዳት ያለበት ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ሆንዳዋን እለዋለሁ። መንዳቱ የበሰለ፣ እግሩም የረዘመ፣ ሞተሩን በመኪና ጭኖ የሚወስድ ሰው ኬቲኤሟን ይያዝ፤ አይቆጭም። በጣም አጭር ለሆነ ሰው ደግሞ ያማሃ ቲደብሊው 200 አለች። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የምትሠራ፣ መቀመጫዋ 790 ሚሊ ሜትር፣ ጎማዋ ወፋፍራም። አሸዋና ጭቃ ላይ አሪፍ ናት፤ ሹል ድንጋይ ላይ ግን አሞርዛተሯ ቶሎ ያልቅባታል። እኔ ግን ቶሎ የምደርስበት ዱካ አጠገቤ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን እነዳለሁ፣ ብቻዬንም ነው የማነሳት።

ሴሮው መሠራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስለዚህ ያገለገለች ነው የፈለግኩት። ጋሼ አብረውኝ መጡ፤ ሲያዩ ደግሞ ቀለም አያዩም። መጀመሪያ ያስከፈቱት የአየር ፊልትሮውን ቤት ነው። ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ኢንጂኑ በኩል አቧራ ካለ ኢንጂኑ አሸዋ እየበላ ኖሯል ማለት ነው፤ ያቺን ሞተር ትቶ መሄድ ነው። ቀጥሎ የኋላ ጎማዋን ከመሬት ከፍ አስደርገው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ፤ ቋ ካለ የአሞርዛተሩ መጋጠሚያ ኩሽኔት አልቋል። ከዚያ መሪዋን በቀስታ ከጥግ ጥግ አዞሩ። መሃል ላይ የሚይዝ ነገር ከተሰማ እሱም ኩሽኔት ነው። ራጂዎቹን፣ የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች ማለት ነው፣ በመፍቻ አንድ በአንድ መቱ፤ ድምፁ ከሌሎቹ የተለየው ላልቷል።

ሦስተኛዋን ገዛኋት።

እስካሁን የቀየርኩባት ጥቂት ነገር ነው። ሰንሰለቷን የሚያዞረውን የፊት ማርሽ ጥርስ በአንድ ቀነስኩ። ይሄ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደ መጨመር ነው፤ ሥራው ትንሽ፣ ለውጡ ብዙ። አሁን አንደኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮን ሳልይዝ በእግር ጉዞ ፍጥነት ትሄዳለች። ከኢንጂኑ ሥር የብረት መከላከያ አደረግኩ። የእጅ መከላከያም እንዲሁ፤ ስትወድቅ መጀመሪያ የሚሰበረው የፍሬንና የፍሪሲዮን ሌቫ ነው። የቀረኝ ሞላው ነው። ሄልሜትና ቡትስ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ስቀመጥባት ምን ያህል እንደምትወርድ መለካት አለበት። የኋላ ጎማዋ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀሳቀስበት ጠቅላላ ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ጥሩ ነው። ለዚህ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አንዱ ይለካል። ሆንዳ ያለው ጓደኛዬ ይይዝልኛል፤ ጋሼ ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።