ኸሪፍ የሚቀልባቸው

ስለ ኦማን እንስሳት ሲወራ የበረሃው ለብቻ፣ የባሕሩ ለብቻ ይነገራል። እኔን የሚደንቀኝ ሁለቱም ከአንድ ውሃ መብላታቸው ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ ክረምት በምንለው ወቅት፣ ኸሪፍ የሚሉት ንፋስ ከደቡብ ምዕራብ ተነስቶ የጠረፉን መስመር ይዞ ይነፍሳል። ሞቃቱን የላይ ውሃ ከዳርቻ ያርቀዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛና ለም ውሃ ይወጣል። ፕላንክተን የሚባለው በውሃ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ሕይወት ይፈላል፤ ፕላንክተኑን ሰርዲን ይበላል፤ ሰርዲኑን ደግሞ ያልበላው የለም።

ሀምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ በሌላው ዓለም ለምግብ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር፣ ለመውለድ ወደ ሙቅ ባሕር ይመላለሳል። የዓረብ ባሕሩ ግን ቀለቡ ደጁ ድረስ ስለሚመጣለት ከዚያው አይወጣም። ከሌሎቹ ከተለየ ወደ 70,000 ዓመት እንደሚሆነው በዘረመል ጥናት ተገምቷል። በኦማን ጠረፍ ያሉት ከ100 አይበልጡም ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1966 የሶቪየት አዳኞች በዚህ ባሕር 242 ገድለዋል፤ የዛሬው ጠላት የናይለን መረብ ነው። ዓሣ አጥማጁም ዓሣ ነባሪውም የሚከተሉት ያንኑ ሰርዲን ስለሆነ መረቡ ጅራቱ ሥር ይጠመጠማል። እንዲህ የተያዘ ያየ ጀልባ ማድረግ ያለበት ርቀቱን ጠብቆ ባለሙያ መጥራት ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ መግባት ለሞት ያሰጋል። ከኋላው የሚጎተተውን ገመድ መቁረጥም ደግነት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው፤ ነፃ አውጪዎቹ ይዘው የሚሠሩት በእሱ ነውና። ገላው ላይ የጠበቀው ገመድ ግን ሥጋውን እየበላ ይቀራል።

በኦማን ምሥራቅ ጫፍ ባለው በራስ አል ጂንዝ ዳርቻ አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ በሌሊት ትወጣለች። በፊት እግሮቿ ገላዋን የሚይዝ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ቀጥላ በኋላ እግሮቿ ጠባቡንና ጥልቁን የእንቁላል ጉድጓድ። እስከዚህ ድረስ ድንጉጥ ናት፤ ባትሪ ካበሩባት ሳትጥል ትመለሳለች። መጣል ከጀመረች በኋላ ነው ከኋላዋ ሆኖ በደብዛዛ ቀይ መብራት ማየት የሚቻለው። ወደ 100 እንቁላል ጥላ አሸዋ ትመልስበታለች፤ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። የአሸዋው ሙቀት ከ29 ዲግሪ ገደማ ከበለጠ የሚፈለፈሉት በአብዛኛው እንስት ናቸው።

ግልገሎቹ ከሥር ወጥተው የሚያመሩት ዝቅ ብሎ ወደሚታየው ብርሃን ነው፤ በጨለማ ዳርቻ ያ ብርሃን ባሕሩ ነው። የመንገድ አምፖል ካለ ወደ አምፖሉ ይሄዳሉ፤ ሲነጋ ቀበሮና ወፍ ይለቅማቸዋል። ስለ መብራት ብዙ ይባላል፤ የመኪና ጎማ ግን ይዘነጋል። ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የጎማ ፈለግ ጣት ለምታክል ኤሊ ገደል ነው፤ መውጫ አጥታ በፈለጉ ውስጥ እስክትደክም ትሄዳለች። በመጥረጊያ ደልድሎ መድፈን እንኳ ያድናል።

ከዚሁ ባሕር የሚነሳው ጉም ነው በሌሊት ወደ ጂዳት አል ሐራሲስ ጠጠራማ ሜዳ የሚዘልቀው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሣሩንና ቁጥቋጦውን የሚያቆየው ይህ ነው፤ የዓረብ ሳላም ጤዛውን ከቅጠሉ ጋር እየበላ ወራት ያለ ውሃ ይከርማል። የአዋሹን ሳላ ለሚያውቅ፣ ይኼኛው ነጭና አነስ ያለ ዘመዱ ነው። የመጨረሻው የዱር የዓረብ ሳላ እ.ኤ.አ. በ1972 ተገደለ። አሪዞና ውስጥ በፊኒክስ መካነ እንስሳት ከተራባው መንጋ ዘር ተመልሶ በ1982 ተለቀቀ፤ ጠባቂዎቹም የሐራሲስ ጎሳ ሰዎች ነበሩ። በ1996 450 ደርሶ ነበር። ከዚያ ሌቦች በሕይወት እየያዙ መሸጥ ጀመሩ፤ የሚፈለጉት እንስቶችና ግልገሎች ስለነበሩ መንጋው በቁጥር ብቻ ሳይሆን በመውለድ አቅሙም ተመታ። በ2007 65 ቀርተው ሳለ መንግሥት ለሳላዎቹ የተከለለውን ጥብቅ ክልል በ90 በመቶ ቀነሰ፤ ዩኔስኮም ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው፤ ከመዝገቡ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቅርስ ሆነ። አሁን በኦማን ያሉት ሳላዎች አብዛኞቹ በአጥር ውስጥ ናቸው። ጉሙ ያረጠበውን ሜዳ ተከትለው መሄድ ስለማይችሉ ድርቆሽና ውሃ ይቀርብላቸዋል።