አዛኙ ሮቦት

ባለፈው ሳምንት አምስተኛ ክፍሎቼ በካርቶን ቁራጭ የደረደሩትን «ፕሮግራም» ስህተት ራሳቸው አግኝተው ራሳቸው አረሙት። እዚህ ለመድረስ ብዙ ስለተንገላታሁ ላካፍላችሁ።

ኮዲንግን፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍን፣ ያለ ኮምፒውተር ማስተማር የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው «ሲኤስ አንፕላግድ» ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምርበት የኖረ ዘዴ ነው። እኔ የጨመርኩት እንቁጣጣሽን ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ 5 በ5 ሰንጠረዥ እሠራለሁ፤ ሦስቱ ሳጥኖች የጎረቤት ቤቶች ናቸው። አንዱ ልጅ የአበባ ሥዕል ይዞ ሮቦት ይሆናል፤ ሌሎቹ «ወደፊት»፣ «ወደ ቀኝ ዙር»፣ «ወደ ግራ ዙር» እና «አበባ ስጥ» በሚሉ ካርዶች ብቻ ያዙታል።

ቅደም ተከተል በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው። «ድገም»ን በበዓል ቡና አስረዳሁ፤ መቁላትና መውቀጥ አንዴ፣ ማፍላትና መቅዳት ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስቴ። «ታዲያ ቡናው የሚጨመረው አቦል ላይ ብቻ አይደል?» ብላ ያፋጠጠችኝ ልጅ አለች። ልክ ነበረች።

ያስቸገረኝ ሮቦቱ ነው። ያዝናላ! ካርዱ «ወደ ግራ ዙር» ይላል፣ ቤቱ በስተቀኝ ነው፤ ሮቦቱ ጓደኞቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ ስለገባው ወደ ቀኝ ይዞርላቸዋል። አበባው ይደርሳል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ ስህተቱ ካርዱ ላይ እንደተጋደመ ይቀራል።

መጀመሪያ «አታስብ! የተጻፈውን ብቻ አድርግ!» እያልኩ ጮህኩ። መምህር ሆኜ ልጅን አታስብ ማለቴ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው የከነከነኝ። ቀጥሎ ዓይኑን በነጠላ ሸፈንኩት፤ እርምጃው እየሰፋ ከሰንጠረዡ ወጥቶ ዴስክ ጋር ተላተመ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

የፈታልኝ ነገር ቀላል ነው፤ ቤቶቹን ከወለሉ ላይ አጠፋኋቸው። አሁን ወለሉ ላይ ባዶ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ ቤቶቹ ያሉት አዛዦቹ በያዙት ወረቀት ላይ ነው። ሮቦቱ ፕሮግራሙ እስኪጻፍ ደጅ ይቆያል። ሲገባ የት መድረስ እንዳለበት ስለማያውቅ ሊያዝን ቢፈልግም አይችልም። የቆመበትን ሳጥን ከወረቀቱ ጋር ያስተያያሉ፤ ካልገጠመ ካርድ በካርድ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይፈልጋሉ። ባለፈው ሳምንት የሆነው ይኸው ነው፤ ሰባተኛው ካርድ ላይ ደርሰው «እዚህ ጋ ነው ያበላሸነው!» ሲሉ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁለት ቀን ሙሉ «ግራና ቀኛችሁን አታውቁም እንዴ?» እያልኩ ተቆጥቻቸዋለሁ። ለካ አዛዦቹን ከሮቦቱ ፊት ለፊት ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የነሱ ቀኝ የሱ ግራ ነው። አሁን ከኋላው ይቀመጣሉ፣ ቀኝ እጁ ላይም ቀይ ክር አስራለሁ።

በፕላስቲክ የተለበጠ ባለቀለም ካርድ ለማሠራት ገንዘብ አታውጡ፤ የብስኩት ካርቶን ይበቃል፣ ልጆቹም ሰርዘው ለመጻፍ አይፈሩም። «አልጎሪዝም» (አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ የትእዛዝ ዝርዝር) የሚለውንም ቃል በመጀመሪያው ቀን ባታነሱት እመርጣለሁ። ስለ ተማሪ ብዛት ግን ምክር የለኝም። 58 ልጆች አሉኝ፤ አንድ ቡድን ሲሠራ ግማሾቹ ያዛጋሉ።

«ከሆነ፣ ካልሆነ»ን ያስተማርኩት በጳጉሜን ነው። አያቴ እንዳስተማሩኝ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፣ ለ4 አካፍል፣ ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ቀን ይሆናል፤ ካልሆነ 5። በ2015 ሞከርነው፤ 7515 ለ4 ሲካፈል 3 ተረፈ። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ 5500 ምን ይሠራል? ሳልደምረውም 3 ነው የተረፈኝ።»

5500 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለጳጉሜን ሲባል ቢደመርም ባይደመርም ያው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደምረው ኖሬያለሁ። ዳስተሩን አንስቼ መስመሩን አጠፋሁት።