ትልቁ ግርግር ጫማ ማውለቂያው ጋ ነበር

የ2012ን ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጬ በቴሌቪዥን ነው ያስቀደስኩት። ዶሮውም ዳቦውም ነበር፤ ግን ሌሊቱን ጧፍ ይዞ ያልቆመ ሰው ምን ፋሲካ አለው? መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ ወዲያ ያለችው ደብራችን ውስጥ ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ይቀድሳሉ፤ እኛ ከአጥሩ ውጭ ተሳልመን እንመለሳለን።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሰበካ ጉባኤው ጠራን። አዋጁ አምስት ወሩን ጳጉሜን ላይ ይጨርሳል፤ ምእመኑ ለአዲስ ዓመት ሲጎርፍ ተዘጋጅተን እንጠብቅ ተባለ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተባባሪ እኔ ሆንኩ። ለምን እኔ እንደሆንኩ እንጃ፤ ምናልባት ስብሰባ ላይ ወሬ ስለማበዛ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሥራዬ ሞኝነት ነበር። ኖራ በጥብጠን፣ ሁለት ሁለት የአዋቂ እርምጃ እየለካን፣ ግቢውን በሙሉ ክብ በክብ ስናደርገው ዋልን። ሲያምር! ፎቶም አነሳን። ማታውን የነሐሴ ዝናብ ጠራርጎት ሄደ፤ ጠዋት ስንመጣ ግቢው ነጭ ጭቃ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዙር በዘይት ቀለም፣ ያውም ኮብልስቶኑ ላይ ብቻ ሠራነው።

ከዚያ ውሃ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሲፈልግ። አንድ ምእመን ሮቶ ሰጠን፣ በጀሪካን እየቀዳን ሞላነው። ቧንቧ የተገጠመላቸው ባልዲዎች በር ላይ ደርድረን ስንሞክር ግን አንዱ ዲያቆን እጁን በሳሙና ጥርት አድርጎ ታጠበና ቧንቧውን ለመዝጋት መልሶ ያንኑ እጀታ ያዘው። ሁላችንም ተያየን። ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ በእግር የሚረገጥ ሠራልን፤ አንዱን ስትረግጠው ውሃ፣ ሌላውን ስትረግጠው ፈሳሽ ሳሙና።

በረኪናው ላይ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ለወለልና ለበር እጀታ 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጁ በ49 እጅ ውሃ ይበጠበጣል። እኔ ግን «ጠንከር ቢል ይሻላል» ብዬ በግምት በጥብጬ ምንጣፉ ላይ ረጨሁት። ቀይ ምንጣፋችን አሁንም ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ሮዝ ነጠብጣብ አለው። ምንጣፍ በበረኪና አይረጭም፤ ይጠቀለላል ወይ ፀሐይ ላይ ይወጣል።

ከሁሉም ያልጠበቅኩት ጫማው ነው። አንድ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ምእመን አድርገን ልምምድ አደረግን። ግቢ ውስጥ ሁሉም ክቡ ላይ ቆመ፣ ማስክ አድርጓል፣ ደስ ይላል። ልክ ግቡ ሲባል በሩ ጋ ሃያ ሰው አንድ ላይ አጎንብሶ የጫማ ክር ይፈታል፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ። ሲወጡማ ይብሳል፤ ሁሉም ከክምሩ ውስጥ የራሱን ይፈልጋል። ያን ሁሉ ርቀት ስንለካ ከርመን አንዳችንም ይህን አላሰብነውም! መፍትሔው ፌስታል ሆነ። ጫማህን ክብህ ላይ እንደቆምክ ታወልቃለህ፣ በፌስታል ትይዛለህ፣ አጠገብህ ታስቀምጣለህ። ለጸበሉም የጋራው ኩባያ ቀረና ሁሉም በየሃይላንዱ እንዲወስድ አደረግን።

መስቀሉ ግን በፌስታል የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ድምፅ ማጉያ ይዤ «መስቀል በከንፈር አንሳለምም፣ አባቶች ከሩቅ ይባርካሉ» አልኩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ከመስቀል ነው በሽታ የሚይዘኝ?»

«ኧረ እማማ፣ ከመስቀሉ አይደለም፣ ከሰው ነው…»

«እንግዲያው ሰውየውን ከልክለው!»

አጠገባቸው ያሉት አጉረመረሙ፣ አንዱማ መናፍቅ ሊለኝ ትንሽ ነው የቀረው። የደብሩ አስተዳዳሪ አባታችን ይህን ሰምተው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጡ። የተናገሩት እኔ ካልኩት ብዙም አይለይም። ሕዝቡ ግን እጅ ነሥቶ ዝም አለ፣ እማማም ጭምር። ያኔውኑ ድምፅ ማጉያውን አስረከብኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሳቸውን ይዤ መነሳት ነበረብኝ።

የሙቀት መለኪያዋን ብዙ አላወራላትም። በቱሉ ዲምቱ ብርድ ንጋት ላይ ግንባር ላይ ስትደቀን ግማሹን ሰው 34 ትለዋለች። እሷን ትተን የሚያስለውንና ትኩሳት የሚሰማውን ቤቱ እንዲቀር ደጋግመን መለመን ይሻል ነበር።

መስከረም 1 ሌሊት ሕዝቡ መጣ፣ ከጠበቅነው በላይ። ቅዳሴው ሳይጋመስ ዝናቡ ወረደ። በቃ፣ ሁሉም መጠለያው ሥር ሊተፋፈግ ነው ብዬ ልቤ ቆመ። የተወሰነው ሮጠ። አብዛኛው ግን እዚያው ክቡ ላይ እንደቆመ ጃንጥላውን ዘረጋ። ጃንጥላ ለጃንጥላ ሲጋጭ ደግሞ ሰዉ ራሱ «ይቅርታ» እየተባባለ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ይላል። ወር ሙሉ በኖራና በቀለም የለፋንበትን ርቀት ጃንጥላ በአምስት ደቂቃ አመጣው። ለመስቀል በዓል ባወጣነው ማስታወቂያ ላይ ከማስክ ቀጥሎ «ጃንጥላ ይዛችሁ ኑ» የሚል ጨመርንበት።