በቴሌግራም ጨረታ «ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» ለሚል ገዢ

ባሕር ዳር ሆናችሁ ጋቢና ቡሉኮ በቴሌግራም የምታጫርቱ፣ ጠቡ የሚነሳው ከዋጋው ሳይሆን ከአከፋፈሉ ነው። ስለዚህ የመዝጊያ ሰዓቱን (ቀን ወይስ ማታ 3 ሰዓት?)፣ የቀብዱን መጠን፣ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀንና የአውቶቡስ መላኪያውን ማን እንደሚሸፍን ከመነሻ ዋጋው ጋር ጻፉ። ጨረታው ከተጀመረ በኋላ ፖስቱን አትነካኩ፤ መስተካከሉ ስለሚታይ ለተከራካሪ ሰበብ ይሆናል።

ገንዘቡን ስትቀበሉ «ቀብድ» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ይቺን ሁለተኛዋን ሻጭ ሁሉ ይረሳታል!

ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። ቴሌብር ከሆነ መተግበሪያውን ከፍታችሁ ሂሳባችሁን እዩ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ (FT) ፊደላት የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር አመሳክሩ። ብሩ ሳይገባ ዕቃው መናኸሪያ አይድረስ።